ከፍተኛ ሙቀት በከፍተኛ ብቃት ኮንክሪት ጥንካሬ ላይ

ከፍተኛ ብቃት ያለው ኮንክሪት ከተራው ኮንክሪት የበለጠ ጥንካሬና ጥግግት እንዲኖረው ተመጥኖ የሚዘጋጅ የኮንክሪት ዓይነት ነው። ለረጃጅም ሕንፃዎች፣ ለድልድዮችና ለባቡር ዋሻዎች ያገለግላል። በተለመደው የአየር ሙቀት ከተራው ኮንክሪት በብዙ ነገር ይበልጣል። እሳት ሲነሳ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ጥንካሬውን ከተራው ኮንክሪት ቀድሞ መቀነስ ይጀምራል፣ አንዳንድ ጊዜም ገጹ እየፈነዳ ይላጣል። የዚህ ድክመት ምንጭ ኮንክሪቱን ጠንካራ ያደረገው ያው ጥግግት ነው።

ምንነቱ

ኮንክሪት የሲሚንቶ፣ የአሸዋ፣ የጠጠርና የውሃ ድብልቅ ነው። ጥንካሬውን ለማወቅ ናሙናው በማሽን ተጨምቆ እስኪሰበር ድረስ የቻለው ግፊት ይለካል። መለኪያው ሜጋፓስካል ሲሆን፣ አንድ ሜጋፓስካል በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ 10 ኪሎ ግራም ገደማ ክብደት እንደመጫን ነው። በኢትዮጵያ የግንባታ ቦታዎች ሲ-25 የሚባለው የተለመደ ኮንክሪት በ28 ቀኑ ሲፈተን 25 ሜጋፓስካል እንዲችል የታሰበ ነው። የአሜሪካ ኮንክሪት ኢንስቲትዩት 55 ሜጋፓስካልና ከዚያ በላይ የሚችለውን «ከፍተኛ ጥንካሬ ያለው» ይለዋል። «ከፍተኛ ብቃት» የሚለው ስያሜ ሰፋ ያለ ሲሆን፣ ሲፈስ አመቺ መሆንንና ረጅም ዕድሜን ጭምር ይይዛል። በተግባር ግን ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ አብረው ይገኛሉ።

ምስጢሩ ያለው በውሃው መጠን ላይ ነው። ሲሚንቶ ሲጠነክር በኬሚካላዊ መንገድ የሚይዘው ውሃ ከራሱ ክብደት ሩብ ገደማ ብቻ ነው። ድብልቁ ወደ ካሳፎርማው በቀላሉ እንዲፈስ ሲባል ግን ከዚህ እጥፍና ከዚያ በላይ ውሃ ይጨመራል። ትርፉ ውሃ ሲደርቅ በቦታው ጥቃቅን ቀዳዳዎችን ትቶ ይሄዳል። ተራ ኮንክሪት በእነዚህ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው፤ ደካማ የሚያደርጉትም እነሱ ናቸው።

ከፍተኛ ብቃት ያለው ኮንክሪት ሲዘጋጅ ለአንድ ኪሎ ግራም ሲሚንቶ ከ0.25 እስከ 0.35 ሊትር ገደማ ውሃ ብቻ ይጨመራል። በዚህ መጠን ድብልቁ እንዳይደርቅ ሱፐርፕላስቲሳይዘር የተባለ ኬሚካል ይገባል። ብዙ ጊዜም ሲሊካ ፊዩም ይታከልበታል። ይህ ከሲሊከን ብረት ማምረቻ ምድጃዎች ጭስ የሚሰበሰብ እጅግ የላመ ዱቄት ሲሆን፣ ቅንጣቱ ከሲሚንቶ ቅንጣት መቶ ጊዜ ያህል ያንሳል። በሲሚንቶው ቅንጣቶች መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላል፤ ከሲሚንቶው ጋርም ኬሚካላዊ ውህደት ይፈጥራል። ውጤቱ ውሃም ሆነ አየር በቀላሉ የማያልፍበት ጥቅጥቅ ያለ ድንጋይ ነው። ለባሕር ዳር ድልድይ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ጨዋማው ውሃ ወደ ፌሮው አይደርስምና።

ሲሞቅ በውስጡ የሚከናወነው

የሕንፃ እሳት ፈጥኖ ይግላል። የሕንፃ አካላት የሚፈተኑበት ኢሶ 834 የተባለው ዓለም አቀፍ የሙቀት መስመር በ30 ደቂቃ 842 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በአንድ ሰዓት ደግሞ 945 ዲግሪ ይደርሳል። ነዳጅና የጭነት መኪና በዋሻ ውስጥ ሲቃጠል ከዚህም ይብሳል፤ ለመንገድ ዋሻዎች የተዘጋጀው የኔዘርላንድስ የሙቀት መስመር ጫፉ 1350 ዲግሪ ነው።

ኮንክሪት ሙቀት በዝግታ የሚያስተላልፍ ነገር ስለሆነ ይህ ሁሉ ሙቀት በአንድ ጊዜ ወደ ውስጥ አይገባም። ከአንድ ሰዓት እሳት በኋላም ከገጹ አምስት ሴንቲሜትር ገባ ብሎ ያለው ሙቀት ከገጹ ሙቀት ግማሽ እንኳ አይሞላም። ኮንክሪት «እሳት የማይበግረው» የተባለው በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን የሞቀው ክፍል ከውስጥ ይለወጣል።

ሙቀቱ 100 ዲግሪን ሲያልፍ በቀዳዳዎቹ ያለው ነፃ ውሃ መትነን ይጀምራል። ቀጥሎ ካልሲየም ሲሊኬት ሃይድሬት የሚባለው፣ ጠጠሩንና አሸዋውን አጣብቆ የያዘው የሲሚንቶ ሙጫ፣ በውስጡ ያሰረውን ውሃ ቀስ በቀስ ይለቃል፤ ውሃውን ሲለቅም ይኮማተራል። ከ400 እስከ 550 ዲግሪ ባለው ክልል ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ የተባለው የሲሚንቶ ውጤት ወደ ካልሲየም ኦክሳይድና ወደ እንፋሎት ይለያያል። በ573 ዲግሪ ደግሞ በአሸዋና በአንዳንድ ጠጠሮች ውስጥ ያለው ኳርትዝ የክሪስታል ቅርጹን ቀይሮ በድንገት ያብጣል። ጠጠሩ የኖራ ድንጋይ ከሆነ ከ700 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየለቀቀ በኖራ ማቃጠያ ምድጃ ውስጥ እንደሚሆነው ይሆናል።

ከሁሉ የከፋው ጉዳት የሚመጣው ሙጫው ሲኮማተር ጠጠሩ ማበጡ ነው። ሁለቱ ተያይዘው ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ሲሳቡ በመካከላቸው ስንጥቅ ይፈጠራል። በአዲስ አበባ ዙሪያ ለኮንክሪት የሚፈጨው ጥቁር ድንጋይ፣ ማለትም ባዛልት፣ ኳርትዝ ስለሌለው በዚህ ረገድ ከኳርትዛማ ጠጠር ይሻላል። አሸዋው ግን ኳርትዝ ሊኖረው ይችላል።

የጥንካሬው መቀነስ በቁጥር

እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የዩሮኮድ 2 የእሳት ክፍል በየሙቀት ደረጃው የሚቀረውን ጥንካሬ በሰንጠረዥ ያስቀምጣል። በዚህ ሰንጠረዥ ኳርትዛማ ጠጠር ያለው ተራ ኮንክሪት በ100 ዲግሪ ጥንካሬው ሙሉ ነው፤ በ200 ዲግሪ 95 በመቶ፣ በ400 ዲግሪ ደግሞ 75 በመቶ ይቀረዋል። እስከ 90 ሜጋፓስካል የሚችለው የመጨረሻው የጠንካራ ኮንክሪት ክፍል ግን በ100 ዲግሪ ወደ 75 በመቶ፣ በ200 ዲግሪ ወደ 70 በመቶ፣ በ400 ዲግሪ ወደ 45 በመቶ ይወርዳል። በ800 ዲግሪ ሁለቱ ይገናኛሉ፤ ለሁለቱም የሚቀረው 15 በመቶ ብቻ ነው።

ከእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ ትኩረት የሚገባው የመጀመሪያው ነው። ጠንካራው ኮንክሪት ሩብ ጥንካሬውን የሚያጣው ገና ውሃ በሚፈላበት ሙቀት ነው። በአንዳንድ ሙከራዎች ከ200 እስከ 300 ዲግሪ አካባቢ ጥንካሬው ጥቂት ተመልሶ ይታያል፤ ከዚያ በኋላ ግን መውረዱን ይቀጥላል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። የ90 ሜጋፓስካል 45 በመቶ 40 ነው፤ የ25 ሜጋፓስካል 75 በመቶ ደግሞ 19 አይሞላም። ታዲያ ጠንካራው አሁንም አይበልጥም? በናሙና ደረጃ ይበልጣል። ችግሩ ማንም ሰው ውዱን ኮንክሪት ገዝቶ የዓምዱን ውፍረት እንደነበረ አለመተዉ ነው። የፌሮውን ድርሻ ትተን በቀላሉ ብናሰላው፣ በ25 ሜጋፓስካል ኮንክሪት 60 በ60 ሴንቲሜትር መሆን የነበረበት ዓምድ በ90 ሜጋፓስካል 32 በ32 ቢሆን ያንኑ ጭነት ይሸከማል። ለሕንፃው ባለቤት ይህ የሚከራይ ቦታ ነው። በእሳት ጊዜ ግን ሁለቱ ዓምዶች የሚመዘኑት በመቶኛ ነው፤ ቀጭኑ ዓምድ በዚያ ላይ እሳቱ ወደ መሃሉ ቶሎ ይደርስበታል።

ቁጥሮቹ በፈተናው ዓይነትም ይለያያሉ። ተመራማሪዎች ሦስት መንገዶችን ይጠቀማሉ። አንደኛው ናሙናውን ጭነት ተሸክሞ ሳለ ማሞቅ፣ ሁለተኛው ያለ ጭነት አሙቆ በትኩሱ መስበር፣ ሦስተኛው አሙቆ፣ አቀዝቅዞ ከዚያ መስበር ነው። ብዙውን ጊዜ ዝቅተኛውን ውጤት የሚያሳየው ሦስተኛው ነው፤ ሲቀዘቅዝ አዳዲስ ስንጥቆች ይፈጠራሉና። ስለዚህ «በ600 ዲግሪ ይህን ያህል ይቀረዋል» የሚል ቁጥር ያነበበ ሰው በየትኛው መንገድ እንደተለካ ሊጠይቅ ይገባል።

ፈንድቶ መላጥ

የጥንካሬ መቀነስ ቢያንስ ሊሰላ የሚችል ነገር ነው። ለመተንበይ የሚያስቸግረው ግን የኮንክሪቱ ገጽ በእሳት ውስጥ እየተፈናጠረ መላጡ ነው። እሳቱ ከተነሳ በመጀመሪያዎቹ አሥርና ሃያ ደቂቃዎች ውስጥ ሊጀምር ይችላል፤ ድምፁም እንደ ፍንዳታ ነው። በቤተ ሙከራ ናሙናዎች ምድጃው ውስጥ እንዳሉ ሙሉ በሙሉ ተበታትነው ያውቃሉ።

ነገሩን ለመረዳት ቡና ሲፈላ የሚቆላውን ፈንዲሻ ማሰብ ይበቃል። የበቆሎው ፍሬ በውስጡ ጥቂት ውሃ አለው፤ ቆዳው እንፋሎቱን አያሳልፍም። ሙቀቱ 180 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ግፊቱ ቆዳውን ይበጥሰዋል። ቆዳው የተሰነጠቀ ፍሬ አይፈነዳም፣ እንፋሎቱ በስንጥቁ ይወጣል። ተራ ኮንክሪት በአመዛኙ እንደ ተሰነጠቀው ፍሬ ሲሆን፣ ጥቅጥቁ ኮንክሪት ግን ደህናውን ፍሬ ይመስላል።

አንድ ሊትር ውሃ በተለመደው የአየር ግፊት ሲተን 1700 ሊትር ያህል እንፋሎት ይሆናል። መውጫ አጥቶ ሲታፈን ግፊቱ በ200 ዲግሪ 1.5 ሜጋፓስካል፣ በ250 ዲግሪ ወደ 4 ሜጋፓስካል ይደርሳል። 90 ሜጋፓስካል ለሚችል ኮንክሪት ይህ ኢምንት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን 90 የሚባለው ሲጨመቅ የሚችለው ነው፤ እንፋሎት ደግሞ ከውስጥ ወደ ውጭ እየገፋ ይለጥጠዋል። ኮንክሪት ሲለጠጥ ደካማ ነው። በዩሮኮድ 2 መሠረት 25 ሜጋፓስካል የሚችለው ክፍል ሲለጠጥ የሚችለው በአማካይ 2.6 ሲሆን የ90ው ደግሞ 5 ሜጋፓስካል ብቻ ነው። የመጨመቅ ጥንካሬው ሦስት እጥፍ ተኩል ሲያድግ የመለጠጥ ጥንካሬው እጥፍ እንኳ አልሞላም፤ እንፋሎት የማሳለፍ አቅሙ ግን በብዙ እጥፍ ቀንሷል።

እንፋሎቱ ወደ እሳቱ ብቻ ሳይሆን ወደ ቀዝቃዛው ውስጠኛ ክፍልም ይሸሻል። እዚያ ሲደርስ ተመልሶ ውሃ ይሆናል፤ ቀዳዳዎቹን በውሃ ሞልቶም ከኋላው ለሚመጣው እንፋሎት መንገዱን ይዘጋል። ይህን የእርጥበት ግድግዳ ሐርማቲ የተባለው በካናዳ ይሠራ የነበረ ተመራማሪ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ገልጾታል።

ሁለተኛው ምክንያት ሙቀቱ ራሱ ነው። የጋለው ገጽ ለማበጥ ይፈልጋል፤ ቀዝቃዛው ውስጥ አይፈቅድለትም። በዚህ ትግል ገጹ በኃይል ተጨምቆ እንደ ቅርፊት ተነጥሎ ይወጣል። ከሁለቱ ምክንያቶች የትኛው ይበልጣል የሚለው ክርክር አሁንም አልተዘጋም፤ ብዙዎቹ የሚስማሙት ሁለቱ ተደጋግፈው እንደሚሠሩ ነው። ሙቀቱን፣ የእርጥበቱን ጉዞና የስንጥቁን መስፋፋት በአንድ ላይ በኮምፒዩተር ማስላት የሚከብደውም ለዚህ ነው። እያንዳንዱ ስንጥቅ ለእንፋሎቱ አዲስ መንገድ ይከፍታል፣ መንገዱ ሲከፈት ግፊቱ ይለወጣል፣ ግፊቱ ሲለወጥ ቀጣዩ ስንጥቅ ሌላ ቦታ ይሄዳል።

አደጋውን የሚያብሱት ነገሮች ግን በደንብ ይታወቃሉ፤ ፈጣን የሙቀት አወጣጥ፣ ከባድ ጭነትና እርጥበት ናቸው። ዩሮኮድ 2 ለተለመደው ኮንክሪት እርጥበቱ ከክብደቱ 3 በመቶ በታች ከሆነ ፈንድቶ መላጥ እንደማይጠበቅ ይገልጻል። በእርጥብ መሬት ውስጥ የተቀበረ ዋሻ ግን መቼም አይደርቅም።

ከአንድ ንጣፍ መላጥ በኋላ ከሥሩ የነበረው እርጥብ ኮንክሪት ለእሳቱ ይጋለጣል፤ እሱም በተራው ይፈነዳል። በዚህ መንገድ ፌሮውን የሚሸፍነው ኮንክሪት ካለቀ ብረቱ በቀጥታ እሳቱ ውስጥ ይገባል። በሙቅ የተጠቀለለ ፌሮ እስከ 400 ዲግሪ ጥንካሬውን ይጠብቃል፤ በ500 ዲግሪ 78 በመቶ፣ በ600 ዲግሪ ግን 47 በመቶ ብቻ ይቀረዋል።

የቻናል ዋሻ እሳት

ይህ ጉዳይ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ የዓለም መነጋገሪያ የሆነው በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል በባሕር ሥር በሚያልፈው የባቡር ዋሻ ነው። ወደ 50 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ይህ ዋሻ ሁለት የባቡር መስመሮችና በመካከላቸው አንድ የአገልግሎት ዋሻ አሉት። ግድግዳው በፋብሪካ ተሠርተው በተገጠሙ ጠንካራ የኮንክሪት ቁራጮች የተሸፈነ ነው።

ኅዳር 9 ቀን 1989 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 18 ቀን 1996) የጭነት መኪናዎችን ጭኖ ከፈረንሳይ ወደ እንግሊዝ ይጓዝ በነበረ ባቡር ላይ እሳት ተነሳ። ባቡሩ ዋሻው ውስጥ ቆመ። በውስጡ የነበሩት 34 ሰዎች በአገልግሎት ዋሻው በኩል ተርፈዋል። እሳቱ ግን ለብዙ ሰዓታት ነደደ። ሲጠፋ 45 ሴንቲሜትር ገደማ ውፍረት ከነበረው ሽፋን በክፉ በተጎዳው ቦታ የቀረው ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ነበር፤ ቀሪው ተፈረካክሶ ወለሉ ላይ ወድቋል። በዚያ ቦታ ያለው የኖራማ ሸክላ አለት ራሱን ችሎ መቆም የሚችል በመሆኑ ዋሻው አልተደረመሰም። አለቱ ልል ቢሆን ኖሮ ባሕሩ ከላይ ነበር። ጥገናው ወራት ወሰደ።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድሞ በ1994 እ.ኤ.አ. በዴንማርክ የታላቁ ቤልት የባቡር ዋሻ ገና እየተቆፈረ ሳለ የመቆፈሪያው ማሽን ተቃጥሎ የዋሻው የኮንክሪት ሽፋን በተመሳሳይ መንገድ ተልጦ ነበር። በቻናል ዋሻው እሳቱ ተደግሟል፤ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2008 እ.ኤ.አ.፣ በእኛ አቆጣጠር በ2001 ዓ.ም. የእንቁጣጣሽ ዕለት መሆኑ ነው። ያኔም ሰው አልሞተም፤ በመቶዎች ሜትር የሚቆጠር ሽፋን ግን ተጎድቷል።

የፕላስቲክ ክር

መፍትሔው ርካሽና ያልተጠበቀ ነው፤ በቀላሉ የሚቀልጥ ነገር ኮንክሪቱ ውስጥ መጨመር። ፖሊፕሮፒሊን የእህል ማዳበሪያዎች የሚሠሩበት ፕላስቲክ ነው፤ 165 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። ከፀጉር የቀጠኑ፣ ከ6 እስከ 12 ሚሊሜትር የሚረዝሙ የፖሊፕሮፒሊን ክሮች ድብልቁ ውስጥ ይበተናሉ። እሳት ሲመጣ ክሮቹ የእንፋሎቱ ግፊት አደገኛ ደረጃ ላይ ሳይደርስ ይቀልጡና በቦታቸው እርስ በርስ የሚገናኙ ጥቃቅን ቦዮች ይተዋሉ። በክሮቹ ዙሪያ የሚፈጠሩት ጥቃቅን ስንጥቆችም ለእንፋሎቱ መንገድ ይሆናሉ። ፈንዲሻውን አስቀድሞ በመርፌ እንደመውጋት ነው።

ዩሮኮድ 2 ለጠንካራው ኮንክሪት ከሚፈቅዳቸው መከላከያዎች አንዱ በአንድ ሜትር ኩብ ከ2 ኪሎ ግራም በላይ እንዲህ ያለ ክር መጨመር ነው። ሁለት ኪሎ ግራም ትንሽ ይመስላል፤ ከኮንክሪቱ መጠን አንድ በመቶ ሩብ እንኳ አይሞላም። ክሩ 18 ማይክሮሜትር ውፍረትና 12 ሚሊሜትር ርዝመት አለው ብንል ግን በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ከ700 ሚሊዮን በላይ ክሮች ይኖራሉ ማለት ነው። ጫፍና ጫፋቸው ቢገጣጠም 8600 ኪሎ ሜትር ይሆናሉ፤ ከአዲስ አበባ ለንደን የአየር ርቀት ይበልጣል። ጥቂት ፕላስቲክ ይህን ያህል የሚሠራው በብዛቱ ነው። ከቻናል ዋሻው ወደ ለንደን የሚወስደው የፈጣን ባቡር መስመር ዋሻዎች ሲሠሩ ይህ ክር ተጨምሮባቸዋል።

ክሩ የሚከለክለው መፈንዳቱን እንጂ የጥንካሬ መቀነሱን አይደለም። 600 ዲግሪ የደረሰ ኮንክሪት ክር ቢኖረውም ባይኖረውም ኬሚካላዊ ለውጡ አይቀርለትም። ድብልቁንም ስለሚያደርቀው በካሳፎርማ ውስጥ ለማፍሰስ ያስቸግራል። የብረት ክር ደግሞ የተሰነጠቀውን ኮንክሪት አያይዞ ይይዛል፤ ስለማይቀልጥ ግን ለእንፋሎቱ መውጫ አይሰጥም። ስለዚህ አንዳንዴ ሁለቱ አብረው ይጨመራሉ። ከክር ሌላ ገጹን እሳት በሚከላከል ሰሌዳ ወይም ልስን መሸፈን፣ አልያም ከገጹ 15 ሚሊሜትር ገባ ብሎ ቀጭን የሽቦ መረብ ማስገባት ይቻላል።

ኢትዮጵያ በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣቻቸው የግንባታ ደረጃዎች የተመሠረቱት በእነዚሁ ዩሮኮዶች ላይ ነው። በአገሪቱ አብዛኛው ግንባታ በተራ ኮንክሪት ስለሚሠራ የመላጥ አደጋው እስካሁን የሚመለከተው ጥቂቶቹን ነው፤ ለረጃጅም ፎቆች የሚውለው ኮንክሪት ጥንካሬ እያደገ ሲሄድ ግን ይህ የደረጃው ክፍል የበለጠ ሥራ ላይ ይውላል።

ከእሳት በኋላ

የተቃጠለ ሕንፃ ሁሉ አይፈርስም። መሐንዲሶች መጀመሪያ የሚያዩት ቀለሙን ነው። ብረት አዘል ማዕድን ባለው ጠጠርና አሸዋ የተሠራ ኮንክሪት ከ300 ዲግሪ ጀምሮ ወደ ሮዝነት ይቀየራል፤ ከ600 ዲግሪ በላይ ወደ አመዳማ ነጭነት ይሄዳል። ቀለሙ ሲቀዘቅዝም ስለማይመለስ ኮንክሪቱ ምን ያህል እንደጋለ ይመሰክራል። ሮዝ የሆነው ክፍል ምን ያህል ወደ ውስጥ እንደገባ ለማየት ሲሊንደር ቅርጽ ያለው ናሙና ተቦርቡሮ ይወጣል፤ ናሙናው ተጨምቆም የቀረው ጥንካሬ ይለካል። ሁሉም ጠጠር ግን ይህን ቀለም አያሳይም። በመዶሻ ሲመታ የሚሰማው ድምፅም ይረዳል፤ ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ የተነጠለው ክፍል ባዶ ባዶ ይላል።

ፍተሻው በአንድ ቀን አያልቅም። በእሳቱ ጊዜ የተፈጠረው ካልሲየም ኦክሳይድ ከአየሩ እርጥበት ወይም እሳቱን ለማጥፋት ከተረጨው ውሃ ጋር ሲገናኝ እያበጠ ተመልሶ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ይሆናል፤ በሂደቱም አዳዲስ ስንጥቆችን ይከፍታል። በዚህ ምክንያት እሳቱ በጠፋ ማግስት የቆመ ዓምድ ከሳምንታት በኋላ ሲለካ ጥንካሬው ይበልጥ ቀንሶ ሊገኝ ይችላል።